ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ ዕድሉንስ ማን ይሠራዋል?

በዐረብ አገሮች የሕፃናት ሞት ስለ ቀነሰበት ታሪክ በራዲዮ የተሰጠ ንግግር

በአገራችን ሽማግሌዎች ዘንድ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚባል አነጋገር አለ። ይህ ቃል ድኻው ወላጅ «ልጄን በምን አሳድገው ይሆን» እያለ እንዳይጨነቅ የሚያጽናና መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ጠለቅ አድርገን ስንመረምረው አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ ሌሊት ከተወለዱት ሁለት ሕፃናት አንደኛው የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይፈጽም ሲቀበር፣ ሁለተኛው አድጎ፣ ተምሮ፣ ወልዶ ለመሳም ሲበቃ፣ የሁለቱን ዕድል የለያየው ምንድን ነው? ዕድል ከሰማይ የሚወርድ ብቻ ነውን? ወይስ በሰው እጅ፣ በሕግ፣ በውሃ ቧንቧ፣ በትምህርት ቤትና በመዝገብ የሚሠራ ነገር ነው?

ዛሬ የዚህን ጥያቄ መልስ ከጎረቤቶቻችን ከዐረብ አገሮች ታሪክ ውስጥ ልንፈልግ አስበናል። እነዚህን አገሮች የመረጥንበት ምክንያት አለን። በአንድ ቋንቋና በብዙ የጋራ ልማድ የተሳሰሩ ሲሆኑ፣ በሀብት ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንዱ በነዳጅ ዘይት የበለጸገ፣ ሌላው በእርሻ የሚኖር፣ ሦስተኛው በጦርነት የደቀቀ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚረዳና ከየት ወዲያ እንደማይረዳ ለመመልከት ከእነርሱ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።

የሕዝብ ጤና ሊቃውንት የአንድን አገር ኑሮ ለመመዘን ሲፈልጉ ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ዋነኛው «በሕይወት ከተወለዱት ከ1000 ሕፃናት መካከል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ስንት ናቸው?» የሚል ነው። ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ሐኪም ቤት ብቻ አይደለም። ስለሚጠጣው ውሃ፣ ስለ እናቲቱ ምግብ፣ ስለ ጋብቻዋ ዕድሜ፣ ከቤት ወጥታ ሕክምና ለመሄድ ስላላት ነጻነትና ስለ መንግሥቱም ትጋት ጭምር ይመሰክራል። ሕፃን ራሱን መከላከል የማይችል ፍጡር ስለ ሆነ፣ የኅብረተ ሰቡ ጉድለት ሁሉ በመጀመሪያ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ከሞሮኮ እስከ ዑማን ባለው ምድር በአብዛኛው ከ10 ሕፃናት አንዱ ከዚያም በላይ፣ እንደ ግብፅና እንደ የመን ባሉት አገሮች ደግሞ ከአምስት ሕፃናት አንዱ ያህል የመጀመሪያ ዓመቱን ሳይጨርስ ይሞት ነበር። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው ባለጸጋ አገሮች ይህ ሞት ከሺህ ከ10 በታች ወርዷል። በግብፅ፣ በቱኒዚያ፣ በሞሮኮና በአልጄሪያም ከሺህ ከ20 በታች ሆኗል። በየመን ግን አሁንም ከሺህ ከ30 በላይ ነው። ይህ ታላቅ ለውጥ የተፈጸመው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። እንግዲህ እንዴት እንደ ተፈጸመ እንመልከት።

የታሪኩን መነሻ በግብፅ እናገኘዋለን። መሐመድ ዓሊ ፓሻ ግብፅን በሚገዛበት ዘመን፣ ክሎት ቤይ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1827 ከካይሮ አጠገብ በአቡ ዛባል የሕክምና ትምህርት ቤት አቋቋመ። የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዓላማ ለሠራዊቱ ሐኪሞችን ማዘጋጀት ነበር። ነገር ግን ፈንጣጣና ሌላውም ተላላፊ በሽታ ሕፃናቱን እየፈጀ ሲሄድ፣ ለእርሻው ገበሬ ለሠራዊቱም ወታደር ከየት እንደሚገኝ ፓሻውን አሳሰበው። ስለዚህም በ1832 «ሐኪማ» የሚባሉ አዋላጅ ሴቶች የሚማሩበት ልዩ ትምህርት ቤት በካይሮ ተከፈተ።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ተማሪ ጠፋ። በዚያ ዘመን ሴት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚፈቅድ ቤተ ሰብ አልተገኘም። የተፈለገው መፍትሔ እኛን ኢትዮጵያውያንን በልዩ የሚነካ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከካይሮ የባሪያ ገበያ የተገዙ የሱዳንና የሐበሻ ልጃገረዶች ነበሩ። ከወላጆቻቸው እቅፍ ተነጥቀው፣ በረሃና ባሕር አቋርጠው የተሸጡት እነዚህ ልጆች በመጀመሪያ ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ፣ ቀጥሎም ማዋለድና ፈንጣጣ መከተብ ተማሩ። የገዛ አገራቸውን ዳግመኛ የማየት ተስፋ ያልነበራቸው ሴቶች የሰው አገር ሕፃናትን ለማትረፍ ወደየቤቱ ይገቡ ጀመር። ስለ ሕፃናት ጤና የሚነገር ታሪክ ሁሉ ይህን ውለታ ሊረሳ አይገባውም።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ወንዱ ሐኪም ምንም ያህል ቢማር ወደ ሴቶቹ እልፍኝ ለመግባት አይችልም ነበር። ሕፃኑ የሚወለደውና የሚታመመው ደግሞ በዚያ እልፍኝ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥበብ ወደ ሕፃኑ የምትደርስበት በር አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የተማረች ሴት ነበረች። ይህ እውነት በ1832 እንዲሁ በአጋጣሚ ታየ። ሊቃውንት በቁጥር አስደግፈው እስኪያረጋግጡት ድረስ ግን 150 ዓመት ያህል ፈጀ።

የሐኪማዎቹ ቁጥር ጥቂት ስለ ነበረ ሥራቸው ከከተማ ብዙ አልራቀም። በናይል ዳር ያለው የገበሬ ሚስት የምትወልደው «ዳያ» በምትባለው የመንደር አዋላጅ እጅ ነበር። ዳያዋ ልምድ ያላት፣ በመንደሩም የተከበረች ሴት ናት። ሆኖም ዕትብቱን የምትቆርጥበት ስለት ካልተቀቀለ፣ በቁስሉም ላይ ንጹሕ ያልሆነ ነገር ካደረገችበት፣ ሕፃኑ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ በመንጋጋ ቆልፍ ይያዝና ጡት መጥባት አቅቶት ይሞታል። ከዚህ የተረፈውን ሁለተኛው ጠላት ይጠብቀዋል፤ እርሱም የበጋ ተቅማጥ ነው። በግብፅ ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ዝንብ ሲበዛ፣ ምግብ ቶሎ ሲበላሽ፣ ውሃም ሲቆሽሽ፣ የሕፃናቱ ሞት በየዓመቱ ከፍ ይል ነበር። ይህንም ያለፈውን ኩፍኝ፣ ትክትክና የሳምባ ምች ይቀበሉት ነበር።

እነዚህ በሽታዎች ሁሉ በሐኪሞች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን በሽታው ለሁሉ አንድ ሲሆን የሚገድለው የድኻውን ልጅ አብዝቶ ነው። ባለጸጋው ውሃ በቧንቧ ያስገባል፤ ድኻው ከመስኖው ቦይ ይቀዳል። የባለጸጋው ልጅ ጠግቦ ያደረ ስለ ሆነ ኩፍኙን ታግሎ ያልፈዋል፤ በምግብ እጦት የከሳው ግን አቅም የለውም። ስለዚህ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ተቅማጥ» ተብሎ ቢጻፍም፣ ከበስተኋላው ያለው ምክንያት ድኽነት፣ የውሃ እጦትና ያለ መማር ነው።

ገንዘብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ኩዌት ጥሩ ምሳሌ ናት። በኩዌት ከተማ የሚጠጣ ወንዝ የለም። ከነዳጅ ዘይቱ ዘመን በፊት የሚጠጣው ውሃ ከኢራቅ፣ ከሻት አል ዐረብ ወንዝ በሸራ ጀልባ እየተጫነ ይመጣና በየመንደሩ በአቁማዳ ይሸጥ ነበር። ሕፃን የሚታጠብበትና የሚጠጣው ውሃ ምን ያህል ውድ፣ ምን ያህልም በቀላሉ የሚቆሽሽ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። በ1946 የነዳጅ ዘይት ወደ ውጭ አገር መላክ ተጀመረ። በ1953 ደግሞ የባሕርን ውሃ አጣርቶ ጣፋጭ የሚያደርግ የመጀመሪያው ታላቅ ፋብሪካ በሹዌኽ ሥራውን ጀመረ። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤትም ያለ ክፍያ ተከፈተ። በዚህ ሁሉ የኩዌት ሕፃናት ሞት በፍጥነት ወረደ።

ይህን የተመለከተ ሰው «እንግዲያው ሁሉን የሚያደርገው ገንዘብ ነው» ብሎ ቢፈርድ አይደነቅም። ነገር ግን ፍርዱ የቸኮለ ይሆናል። በ1986 ጆን ካልድዌል የተባለው አውስትራሊያዊ የሕዝብ ቁጥር ጥናት ሊቅ የዓለምን አገሮች በነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ተራ ከደረደረ በኋላ፣ እንደገና በሕፃናት ሞት ተራ ደርድሮ ሁለቱን አስተያየ። ገቢያቸው አነስተኛ ሲሆን ሕፃናቶቻቸውን በማሳደግ ከባለጸጎቹ የተስተካከሉ አገሮች ተገኙ፤ እነርሱም ስሪ ላንካ፣ በህንድ ያለው የኬራላ ግዛትና ኮስታ ሪካ ናቸው። ገቢያቸው ከፍ ያለ ሲሆን በሕፃናት ሞት ግን እጅግ ወደ ኋላ ከቀሩት መካከል ደግሞ ብዙዎቹ የዐረብ አገሮች ሆኑ። ዑማን፣ ሳውዲ ዐረቢያ፣ ሊቢያ፣ አልጄሪያ፣ ኢራቅ፣ የመንና ሞሮኮ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኙ ነበር።

ካልድዌል የልዩነቱን ምክንያት ሲመረምር ያገኘው መልስ አስደናቂ ነው። የ1980ዎቹን የሕፃናት ሞት ከሁሉ አብልጦ የሚያስታውቀው የዚያ ዘመን ገቢ አልነበረም። ከ20 ዓመት በፊት በ1960 አካባቢ ትምህርት ቤት የገቡት ልጃገረዶች ቁጥር ነበር። ነገሩ ግልጽ ነው። በ1960 ፊደል የቆጠረችው ልጅ በ1980 እናት ሆናለች። ትምህርት ቤቱን ያልሠራ መንግሥት ከ20 ዓመት በኋላ በወርቅ ሊገዛው የማይችለውን ነገር አጥቷል ማለት ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ «አንዲት ሴት ጥቂት ዓመት ፊደል ብትማር ሕፃኗ እንዴት ከሞት ይድናል?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ በትምህርት ቤቱ የሕክምና ትምህርት ስለ ተማረች አይደለም። የተማረች ሴት ጋብቻዋ ይዘገያል፤ አካሏ ሳይጠና አትወልድም። ልጆቿን አራርቃ ትወልዳለች፤ ከታላቁ ልደት ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሚወለድ ሕፃን የመሞት አደጋው ብዙ እንደ ሆነ በየአገሩ ተረጋግጧል። የክትባቱን ቀን ከካርዱ ታነብባለች። ልጇ ሲታመም «ባሌ እስኪመጣ፣ አማቴ እስክትፈቅድ ልጠብቅ» ሳትል ሕፃኑን አቅፋ ወደ ሐኪም ትሮጣለች። ሐኪሙም ፊት ስትቀርብ ሳታፍር ትጠይቃለች፤ መድኃኒቱ ካልሠራም ተመልሳ ትሄዳለች። ሕፃን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት የሚችል ስለ ሆነ፣ ይህች የጥቂት ሰዓት ድፍረት ሕይወት ናት።

ከዚህም ጋር የሚተሳሰር ሌላ አሳዛኝ ነገር አለ። ወንድ ሕፃናት በተፈጥሮ ደካሞች ስለ ሆኑ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ወንዶቹ ይበዛሉ። በግብፅ ግን በ1980ዎቹ በተደረጉ ጥናቶች ከመጀመሪያው ወር ወዲህ ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ሕፃናት አብዝተው ይሞቱ እንደ ነበር ታውቋል። የተፈጥሮን ሥርዓት የገለበጠው የሰው ልማድ ነበር። ወንዱ ሲታመም ወደ ሐኪም ቶሎ ይወሰዳል፤ ሴቲቱ ስትታመም «ነገ ይሻላት ይሆናል» ተብሎ ይጠበቃል። በዚህ ቦታ ልጅን የገደለው የገንዘብ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የአስተሳሰብ ማነስም ነበር። ትምህርት እየሰፋ ሲሄድ ይህ ልዩነት ጠብቧል።

የሕግንም ኃይል ቱኒዚያ አሳይታናለች። ቱኒዚያ በመጋቢት 1956 ነጻነቷን ባገኘች በአምስት ወር ውስጥ፣ በነሐሴ 1956 በሐቢብ ቡርጊባ መሪነት አዲስ የቤተ ሰብ ሕግ አወጀች። ሕጉ ከአንዲት ሚስት በላይ ማግባትን ከለከለ፤ ፍቺም በዳኛ ፊት እንዲሆን አዘዘ፤ ለሴት ልጅም ዝቅተኛ የጋብቻ ዕድሜ ወሰነ። ይህ ዕድሜ በ1964 ወደ 17፣ በ2007 ደግሞ ወደ 18 ዓመት ከፍ ብሏል። ቱኒዚያ የጎረቤቶቿን የአልጄሪያንና የሊቢያን ያህል የነዳጅ ዘይት የላትም። ነገር ግን ለትምህርት ያወጣችው ገንዘብና ለእናቶች የሰጠችው ክብር ከብዙ ጉድጓድ ዘይት የበለጠ ፍሬ ሰጥቷታል።

ወደ ግብፅ ልመልሳችሁ። ከ1952 አብዮት በኋላ የግብፅ መንግሥት በየገጠሩ ብዙ የጤና ጣቢያ ሠርቶ ነበር። ሆኖም የበጋው ተቅማጥ ሕፃናቱን መፍጀቱን አላቆመም። ሕፃን በተቅማጥ የሚሞተው በበሽታው ተሕዋስ ብቻ ሳይሆን ከሰውነቱ ውሃና ጨው ተሟጦ ስለሚያልቅ ነው። እናቶቹ ግን «ሆዱ ይረፍ» ብለው ውሃና ምግብ ይከለክሉት ነበር። መድኃኒቱ በጣም ቀላል ሆኖ ተገኘ። ስኳርና ጨው በልክ ተመጥነው በንጹሕ ውሃ ሲበጠበጡ፣ ስኳሩ ጨውንና ውሃን በአንጀት ግድግዳ በኩል እየሳበ ወደ ደም ያስገባቸዋል። እኛ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የምንለው ይህ ነው።

በ1980ዎቹ ግብፅ ይህን መድኃኒት በመላ አገሪቱ ለማዳረስ ታላቅ ዘመቻ ጀመረች። ከዘመቻው አንዲት ትንሽ ነገር ልጥቀስላችሁ። መድኃኒቱ በሌሎች አገሮች ለአንድ ሊትር ውሃ ተመጥኖ ይታሸግ ነበር። ግብፃውያን ግን የገጠሯ እናት ሊትር የምትለካበት ዕቃ እንደሌላት ተመልክተው፣ በቤቷ ባለው መጠጫ ልክ ለ200 ሚሊ ሊትር የሚበቃ ትንሽ እሽግ አዘጋጁ፤ መለኪያ ኩባያም አደሉ። ከዚህም ሌላ ከሪማ ሙኽታር የተባለችው፣ በእናትነት ገጸ ባሕርይዋ የምትወደድ ተዋናይ በቴሌቪዥን እየቀረበች፣ እንደ ጎረቤት ሴት ሁና ለእናቶች አሠራሩን አስረዳች። ማንበብ የማትችለዋ እናት ሰምታ ተማረች። የበጋው ሞት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በጉልህ ቀነሰ። በዚህ ሥራ ውስጥ የአንዲት ድኻ እናት ኩባያ ስንት እንደሚይዝ ያሰበው ሠራተኛ ማን እንደ ሆነ አናውቅም። ያተረፈው ነፍስ ግን ብዙ ነው።

አሁን በካልድዌል ዝርዝር ውስጥ ወደ ኋላ ቀርታ ወደ ነበረችው ወደ ዑማን እንሂድ። ዑማን ከ1967 ጀምሮ የነዳጅ ዘይት ብትሸጥም፣ ሱልጣን ቃቡስ በሐምሌ 1970 ሥልጣን ሲይዝ በአገሪቱ የነበሩት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የወንዶች ብቻ። የአስፋልት መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከሺህ ሕፃናትም ከ100 በላይ የሆኑት የመጀመሪያ ዓመታቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። እንግዲህ ገንዘቡ በሣጥን ውስጥ ነበረ፤ ሕፃናቱ ግን ይሞቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተደረገው ሥራ ተራ በተራ የተከናወነ ነው። መንገድ ወደ ተራራማው አገር ተዘረጋ፤ የጤና ጣቢያ በየወረዳው ተሠራ፤ ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1981 የክትባት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ1990ዎቹም ከመቶ 95 የሚበልጡ ሕፃናት ተከተቡ። በ1994 ደግሞ እናቶች ልጆቻቸውን አራርቀው እንዲወልዱ የሚረዳ የመንግሥት አገልግሎት ተቋቋመ። ፍሬውም ታየ። በ2000 የዓለም ጤና ድርጅት የአገሮችን ሁሉ የጤና ሥራ መዝኖ ባወጣው መግለጫ፣ ያወጡትን ገንዘብ ወደ ሕዝብ ጤና በመለወጥ ዑማን የመጀመሪያውን ደረጃ አገኘች። በ2010ም የተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት ከ1970 ጀምሮ በሰው ልማት ከሁሉ ፈጥና የተራመደች አገር ዑማን መሆኗን አስታወቀ። ዘይቱ በ1970 የነበረው ያው ዘይት ነው። የተለወጠው ዘይቱ የሚውልበት ሥራ ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ እስካሁን ስለ ቁጥር ብዙ ተናግረናል። ቁጥሩን የሚጽፈው ማን ነው? የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ያልተመዘገበ ሞት ወጌሻ የለውም። በግብፅ ገጠር ልደቱ ሳይመዘገብ በጥቂት ቀን ውስጥ የሞተ ሕፃን ከልደት መዝገብም ከሞት መዝገብም ውጭ ይቀር ነበር። ስለዚህም በመዝገብ ላይ ሲታይ የካይሮ ሕፃናት ከላይኛው ግብፅ ገጠር ሕፃናት ይልቅ አብዝተው የሚሞቱ ይመስል ነበር። እውነቱ ግን የካይሮ ጸሐፊ ሞቱን ስለ መዘገበና የገጠሩ ስላልመዘገበ ነበር። ይህን ያላስተዋለ ሹም በጀቱን ለማይገባው ሥፍራ ይመድባል።

ቁጥር ሲጎድል እንደሚያሳስተው ሁሉ፣ ሲጨመርበትም ያሳስታል። ኢራቅ በነሐሴ 1990 ኩዌትን ከወረረች በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ጥብቅ የንግድ ማዕቀብ ጣለባት። ሕዝቡ ብዙ መከራ እንዳየ የታወቀ ነው። በ1999 የወጣ አንድ ጥናት በኢራቅ መንግሥት ሥር ባሉት ግዛቶች የሕፃናት ሞት ከእጥፍ በላይ እንደ ጨመረ ገለጸ፤ «ግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት ሞቱ» የሚለውም ወሬ በዓለም ላይ ተሰራጨ። ከ2003 ጦርነት በኋላ በ2004፣ በ2006 እና በ2011 የተደረጉት ጥናቶች ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ እንዳልነበረ አሳዩ። በ2017 የታተመ ምርመራም የ1999ኙ መረጃ በጊዜው መንግሥት ሆን ተብሎ የተዛባ እንደ ነበረ አስረዳ። የሕዝቡ መከራ እውነት ሁኖ ሳለ ቁጥሩ ሐሰት ሆነ። በሐሰት ቁጥር የተደገፈ እውነት ደግሞ በኋላ ራሱ ይጠረጠራል። መዝገብ ለፖለቲካ ሲገዛ የመጨረሻው ተጎጂ ያው ሕፃኑ ነው።

ብዙ ዘመን የተደከመበት ሥራ በምን ያህል ፍጥነት ሊፈርስ እንደሚችል የመን ታሳየናለች። በመጋቢት 2015 ጦርነቱ ከሰፋ በኋላ በ2016 አጋማሽ ላይ የአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተቋረጠ። አንባቢዎቻችን የዚህን ትርጉም ከማንም የበለጠ ትረዱታላችሁ። ደመወዝ ያጣችው ነርስ ወደ ጤና ጣቢያዋ መምጣት አልቻለችም። የከተማው ጽዳት ሠራተኛ ቆሻሻውን አላነሣም። የውሃው መሐንዲስ የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ አጣ። ወዲያውም ኮሌራ ተነሣ። በ2017 መጨረሻ በኮሌራ የተጠረጠሩት ሰዎች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ሕፃኑን የሚገድለው ጥይት ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለ ደመወዝም እንደሚገድል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

በመጨረሻም፣ ድል የተገኘባቸው አገሮች ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት አይደለም። ተቅማጡና ኩፍኙ ከተሸነፉ በኋላ ተደብቆ የቆየ ሌላ ጠላት ብቅ ብሏል። በብዙ የዐረብ አገሮች የአጎት ልጅን ማግባት የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ርስትን ያቆያል፤ ዝምድናን ያጠብቃል። ነገር ግን ከአባትና ከእናት ወገን የተወረሰ አንድ ዓይነት የደም በሽታ በልጁ ላይ እንዲገናኝ መንገድ ይከፍታል። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹ ከመወለዳቸው በፊት በያዛቸው ችግር የሚሞቱ ናቸው። ስለዚህ ሳውዲ ዐረቢያ በ2004 ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት ደማቸውን እንዲመረመሩ በግዴታ ደነገገች። ሕጉ ጋብቻውን አይከለክልም፤ ተጋቢዎቹ አውቀው እንዲወስኑ ግን ያደርጋል። እዚህም ላይ ሥራውን የሚሠራው ዕውቀት ነው።

እንግዲህ የጀመርንበትን አነጋገር ደግመን እናንሣ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል መባሉ እውነት ነው። ዕድሉን ግን ብዙ እጆች ይሠሩታል። ልጃገረዷን በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት ያስገባ አባት፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚወለደውን የልጅ ልጁን ዕድል ሠርቷል። ቧንቧውን የዘረጋው መሐንዲስ፣ እሽጉን በኩባያ ልክ ያስመጠነው ሹም፣ የሞተውን ሕፃን ሳይሰለች የመዘገበው ጸሐፊ፣ የነርሷን ደመወዝ በቀኑ ያስከፈለው ገንዘብ ያዥ፣ እነዚህ ሁሉ የማያውቁትን ሕፃን ዕድል ይሠራሉ።

ነገ ጧት ከጠረጴዛችሁ ላይ የምታገኙት ወረቀት ደረቅና አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ምናልባት የአንድ ጉድጓድ ውሃ ማስፈቀጃ፣ ወይም የአንዲት መምህርት ቅጥር፣ ወይም ከሩቅ ወረዳ የመጣ የልደት ዝርዝር ይሆናል። ፊርማችሁ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ማንም አይወቅሳችሁም። ሆኖም በዚያ ወረቀት ማዶ ስሙ ገና ያልወጣለት አንድ ሕፃን ዕድሉን ይጠብቃል።